ባላባት ለበዛበት ሜዳ የተዘጋጀ ስልጠና

ሰዎች የዘመኑን ልብስ ለብሰው የመካከለኛውን ዘመን የአውሮፓ ኑሮ በትወና በሚያሳዩባቸው ዝግጅቶች ላይ ገበሬ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ሁሉም ባላባት ነው። ባላባት ያልሆነው ደግሞ ርስቱን የተቀማ የባላባት ልጅ ነው። ልብሱን በእጁ የሰፋ፣ ጫማው እንከን የማይወጣለት ሰው አፉን ሲከፍት ተከታታይ ድራማ ይሆንባችኋል።

ለዚህ መድኃኒት ነው የተባለ፣ በኢንተርኔት የሚሰጥ ስልጠና ሰሞኑን ጨርሻለሁ። ትምህርቱ የሚታመን ገጸ ባሕርይ አፈጣጠር ነው። ዘመኑ 14ኛው ክፍለ ዘመን፣ አገሩ እንግሊዝ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ባጭሩ፣ ገንዘቤ አላንገበገበኝም። የሚያናድዱ ነገሮች ግን አሉት።

አሰልጣኟ ሙዚየም ውስጥ ጎብኚ ሲያስተናግዱ የኖሩ ሴትዮ ናቸው። ጨዋታ ያውቃሉ፣ ግን አይምሩም። የሕይወት ታሪክ ጽፋችሁ ኑ አላሉንም። በምን ትተዳደሪያለሽ? ኪራይ ለማን ትከፍያለሽ? የማን ዕዳ አለብሽ? ጎረቤት የሚያማሽ በምንድን ነው? በቃ፣ ከዚህ ነው የሚጀመረው። ይህን መመለስ ያቃተው ሰው ሰይፍ ቢታጠቅም ዋጋ የለውም።

የእኔዋ አግነስ ትባላለች። ዮርክ ከተማ የምትኖር ቢራ ጠማቂ ናት፤ ዓመቱ 1379። ስሙን ከኪሴ አላወጣሁትም። በዚያ ዓመት የነፍስ ወከፍ ግብር ሲሰበሰብ የብዙ የዮርክሽር (ዮርክ ያለችበት አውራጃ) ሰዎች ስም፣ አንዳንዴም ከነሥራቸው፣ ተመዝግቧል። አሰልጣኟ ከዚያ መዝገብ የተወሰደ ዝርዝር ሰጡን። ጆን፣ ዊልያም፣ ቶማስ፣ መልሶ ጆን። ከሴቶቹ አሊስ፣ አግነስ፣ ጆአን። የተረት ንግሥት ስም ይዛ የመጣች ልጅ ፊቷ ጥቁር ሲል በካሜራ አየሁ።

ዕድሜዋን 34 አልኩ። «እሺ፣ እንግዲህ ቁጠሪ» አሉኝ። በ1345 ከተወለደች ታላቁ ወረርሽኝ፣ ጥቁር ሞት የሚባለው ቸነፈር፣ ዮርክ ሲደርስ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። በ1361 ሲመለስ በተለይ ብዙ ሕፃናትን ነው የጨረሰው፤ ታናናሾቿን ያኔ አጣች። በ1369 ደግሞ መጣ፣ ባሏ ሄደ። እኔ ምንም አልፈጠርኩም፤ ዓመቶቹ ራሳቸው ባልቴት አደረጓት። ከዚያ የቤት ሠራተኛዋ መጣች። የ1351ዱ ሕግ ደመወዝ ከወረርሽኙ በፊት በነበረበት ይቁም ይላል። ሰው ግን አልቋል፣ ሠራተኛ ተወዷል። ልጅቷ ካልጨመርሽልኝ እሄዳለሁ ትላለች፤ አግነስም ቀኑን ሙሉ ስለሷ ታማርራለች። የምታማርር ሴት ደግሞ ማንም ያምናታል።

ሥራዋም እንደዚያው ነው። የምትጠምቀው በብቅል፣ በውሃና በእርሾ ነው፤ ሆፕስ፣ ማለትም ቢራ ቶሎ እንዳይበላሽ የሚያደርገው መራራ አበባ፣ የለውም። ስለዚህ በቀናት ውስጥ ይኮመጥጣል፤ ሲደርስ ቶሎ መሸጥ አለበት። መድረሱን ለማሳወቅ ደጃፏ ላይ ቅጠል የታሰረበት እንጨት ታወጣለች። የመጠጡን ጥራት የሚቆጣጠረው ሹም መጥቶ ይቀምሳል፣ መስፈሪያዋንም ይፈትሻል። መስፈሪያው ከጎደለ መቀጮ አለ። እኔም ትዕይንት ላይ ስሆን ከጎብኚ ጋር እያወራሁ አንድ ዓይኔ መንገዱን ይጠብቃል። ይህን የሚያህል ትወና ማንም አስተምሮኝ አያውቅም።

የስልጠናው ምርጥ ክፍል ማፋጠጫው ነው። አሰልጣኟ ጎብኚ ይሆናሉ፣ እኛ ተጠያቂ። «ስንት ሰዓት ነው?» አንዱ የእጁን አንጓ አየ፤ አለቀለት። «ኪስህ ውስጥ ምን አለ?» ሌላው ከመሃል የተቆረጠ የብር ፔኒ ኩራት ብሎ ካሜራው ላይ አስጠጋ። ሴትዮዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩትና «ይህ የቅድመ አያትህ ነው» አሉት። ከ1279 እና 1280 ጀምሮ ግማሽና ሩብ ፔኒ ራሱን ችሎ ስለተቀረጸ መቁረጡ ቀርቷል። አንዷ ደግሞ ስለ ግብሩ ስታወራ «ሕዝቡ በቅርቡ ያምጻል» ብላ አረፈችው። የገበሬዎቹ አመጽ የተነሣው በ1381 ነው! የ1379 ሰው የሚያውቀው ከሁለት ዓመት በፊትም አራት አራት ፔንስ መክፈሉን ብቻ ነው። የሚመጣውን አለማወቅ ቀላል ይመስላል። ሞክሩትና ታዩታላችሁ።

ሌላም የወደድኩት ነገር አለ። የድሮ ለመምሰል አንደበት ማጣመም ክልክል ነው። ሽንት ቤት የሚፈልግ ጎብኚ ሲመጣም ገጸ ባሕርዩን ትቶ በደንቡ መምራት ነው።

ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። አብሮ የሚሰጠው የስልጠና መጽሐፍ ከአሰልጣኟ ጋር አይመጣጠንም። ማን በማዕረጉ ምን እንደሚለብስ የሚደነግገውን የ1363ቱን የአለባበስ ሕግ በሰንጠረዥ አስቀምጦ «ገጸ ባሕርያችሁ ይህን ማክበር አለበት» ይላል። ሕጉ እኮ በ1365 ተሽሯል! የእኛ ሰዎች በ1379 ናቸው። ማን ምን ይልበስ የሚለውን ከሕጉ ይልቅ የኪሱ አቅም ነው የሚወስነው።

ከዚህ የባሰው የሃይማኖቱ ጉዳይ ነው። ግማሽ ገጽ ብቻ! የዚያ ዘመን ሰው ዓርብ ሥጋ አይበላም። በዐቢይ ጾም ሥጋ ብቻ ሳይሆን እንቁላልና ወተትም የለም፤ ዓሣ ነው። ቀኑን የሚከፍለው የቤተ ክርስቲያን ደወል ነው። ለጦር ዕቃ አሥር ገጽ ሰጥቶ ጾምን በግማሽ ገጽ ማለፍ ምን የሚሉት ነው? ጾሙን የማያውቅ ጠማቂ፣ ባላባትም ቢሆን፣ የመጀመሪያው ምሳ ላይ ይጋለጣል።

ዋጋው ከአንድ ጥሩ የእጅ ሥራ ጫማ ያንሳል። ልብስ ከማሰፋታችሁ በፊት ውሰዱት፤ ማን እንደሆናችሁ ሳይታወቅ ጨርቅ መግዛት ኪሳራ ነው። ለመፋለም ብቻ የምትመጡ ከሆነ ይሰለቻችኋል። መጽሐፉን በተመለከተ፣ የስሙን ዝርዝር ቅደዱና ያዙ፤ የአለባበሱን ሰንጠረዥ ዝለሉት።