በኅብረት ወይስ ለብቻ? የትንሽ ልጅ የመድረክ ጅማሬ

ትንሽ ልጅ በመድረክ አማካኝነት በራስ መተማመንን እንዲያዳብር ሲታሰብ ሁለት መንገዶች ይቀርባሉ፤ አንደኛው በኅብረት መዝሙር ወይም በቡድን ጭውውት መሳተፍ፣ ሁለተኛው ለብቻ ቆሞ ግጥም ማቅረብ ነው።

የሥነ ልቦና ምሁሩ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ፣ «እችላለሁ» የሚለው እምነት ራስ ሠርቶ ከማሳካት፣ ሌሎች ሲሳካላቸው ከማየት፣ ከማበረታቻ ቃል እንዲሁም ሰው የገዛ ልቡን ምት ከሚተረጉምበት መንገድ እንደሚመነጭ፣ ከሁሉም የሚበረታው ግን የመጀመሪያው እንደሆነ አስረድቷል።

በኅብረት የቆመች የአምስት ዓመት ልጅ ስንኙ ቢጠፋት የጎረቤቷን አፍ አይታ ትቀጥላለች፤ ስሕተቷንም ማንም አይለይባትም። ይህ ከለላ ለዓይን አፋር ልጅ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ሆኖም ጭብጨባው የሁሉም ስለሆነ የእርሷ ድርሻ የቱ እንደሆነ ላይታያት ይችላል።

ለብቻው የቆመ ልጅ መሸሸጊያ የለውም። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ቃሉ ሲጠፋው የሸሚዙን ጫፍ በጣቱ እየጠቀለለ ወለሉን ያያል፤ ታዳሚው በትዕግሥት ከጠበቀውና ቃሉን ራሱ አስታውሶ ከጨረሰ፣ ያገኘው ድል ሙሉ በሙሉ የራሱ ነው። ያለ ፈቃዱና ያለ በቂ ልምምድ ተገፍቶ የወጣ እንደሆነ ግን፣ ያው ዝምታ ለረጅም ጊዜ ከመድረክ ሊያሸሸው ይችላል።

እኔ በኅብረት መጀመሩን አጥብቄ እመርጣለሁ፤ በመዝሙሩ መካከልም ለእያንዳንዱ ልጅ ለብቻው የሚላት አንዲት ስንኝ ትሰጠው።