አደባባዩ ጥሩ ነው፣ መኪና ስትከራዩ ግን ውሉን በደንብ አንብቡ

ሰላም ለሁላችሁ። ከ9 አመት በኋላ ለገና ቤተሰብ ጋ ሄጄ ሰሞኑን ነው ሜሪላንድ የተመለስኩት። ከተማችን በደሴ መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፣ ስሟን ብጠራ እዛ ሁሉም ስለሚተዋወቅ ይቅር። መጀመሪያ ደስ ያለኝን ልበል፣ ከዛ ወደ ንዴቴ እመጣለሁ።

የደሴው መንገድና ወደ ገበያ የሚወርደው መንገድ የሚገናኙበት መስቀለኛ አለ፣ ሲኖው ከቁልቁለቱ ፍሬን ሳይነካ የሚመጣበት፣ ልጅ ሆነን እማዬ እጃችንን ጨምድዳ ይዛ "ቆይ፣ ቆይ፣ አሁን!" ብላ የምታስሮጠን ቦታ። እሱ ነው አሁን አደባባይ የሆነው። እኔ ስደርስ ገና ጠጠር ነበር፣ በበርሜልና በገመድ ታጥሯል። ባጃጅ ያዝኩ፣ ሰፈር ድረስ 20 ብር የነበረውን ልጁ "መንገዱ ዝግ ነው፣ በጀርባ ነው የምንዞረው" ብሎ 150 ጠራልኝ። መዞሩስ እውነት ነው፣ ግን አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ እኮ 40 ከፍላ ነው የወረደችው! ስጠይቀው "ማዘር፣ እናንተ በዶላር ናችሁ" አይለኝም? ማዘር! ገና 43 አመቴ ነው። ከዛ በኋላ ዋጋ የምትነጋገረው የእህቴ ልጅ ሆነች፣ እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ዝም።



አደባባዩ ከጥምቀት በኋላ ተከፈተ። የእህቴ ባል "አዲስ አበባ አደባባይ እያፈረሰች መብራት ስትተክል እኛ ዛሬ አደባባይ እንሰራለን" እያለ ሲስቅ ነበር፣ እኔ ግን ኧረ በሳምንት ስንት ቀን መብራት በሚጠፋበት ከተማ የትራፊክ መብራት ማን ያበራዋል አልኩት። አደባባይ ኤሌክትሪክ አይጠይቅም። ደግሞ እማዬን አየኋት። በፊት ግራና ቀኙን ባንዴ ማየት ነበረባት፣ አሁን ከአንድ ወገን የሚመጣውን ብቻ አይታ ግማሹን ትሻገርና መንገዱ መሀል ያለችው መቆሚያ ላይ ዱላዋን ተደግፋ ትንሽ ታርፋለች፣ ከዛ ሌላውን ግማሽ። መኪናውም መዞሩ ግድ ስለሆነ ይቀንሳል። እኛ ስቴት ሜሪላንድ የመጀመሪያው የዚህ አይነት አደባባይ የተሰራው ሊዝበን በምትባል ትንሽ ቦታ ነው፣ በ1993 እ.ኤ.አ.፣ እሱም የገጠር መስቀለኛ ነበር። ስለዚህ ለትንሽ ከተማ አይሆንም የሚለውን ወሬ አልቀበልም።

አሁን ወደ ንዴቴ። ለመመለሻዬ ከአዲስ አበባ መኪና ከነሹፌሩ ተከራየሁ፣ በቀን 7,000 ብር፣ ነዳጅ በራሴ፣ የሹፌሩ አልጋም በራሴ፣ ለሁለት ቀን። ቅዳሜ 6 ሰዓት ላይ ተነሳን፣ በረራዬ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፣ ሰፊ ጊዜ አለኝ ብዬ። አደባባዩ ጋ ስንደርስ ቆመ። ቅዳሜ ገበያ ነው፣ አህያው፣ ባጃጁ፣ አይሱዙው፣ ሁሉም። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ አደባባይ ላይ ቅድሚያው ከግራ ለሚመጣው ማለትም ውስጥ ላለው ነው፣ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ይሄን ያልተማረ የለም፣ ግን ሁሉም እንደ ድሮው መስቀለኛ አፍንጫውን አስገባ። የሚገባው የሚወጣውን ዘጋው፣ የሚወጣው ካልወጣ የሚገባውም አይገባም፣ አለቀ፣ ተቋጠረ። መሀሉ ላይ ደግሞ አንድ ሲኖ ከነተሳቢው ሲዞር የኋላ ጎማው ጠርዙ ላይ ወጥቶ ቀረ። ሜሪላንድ በአደባባዩ ዙሪያ ለረጅም መኪና ጎማ ተብሎ ዝቅ ያለ የድንጋይ ንጣፍ ይደረጋል፣ እዚህ ግን ጠርዙ እስከ ጉልበቴ ነው፣ አምሮ ጥቁርና ነጭ ተቀብቷል። የማይቆሙት አህዮቹ ብቻ ነበሩ፣ በመሀሉ ሳር ላይ ቀጥ ብለው ያልፋሉ።

መኪና ውስጥ ተቀምጬ ስልኬ ላይ ሳነብ እንግሊዞቹም ድሮ እንዲሁ ይቆላለፍባቸው ነበርና በ1966 እ.ኤ.አ. ነው ገቢው ለውስጡ ቅድሚያ ይስጥ ብለው ሕግ ያወጡት። ለሹፌሩ ነገርኩት። "እንግሊዝ ሲኖ አለ እንዴ?" አለኝ፣ ሳቄ መጣ። በመጨረሻ የአንድ አውቶቡስ ረዳት ወርዶ ባዶ ጀሪካን እየደበደበ አንዱን ወደኋላ፣ አንዱን ወደፊት ሲል ተፈታ። ሁለት ሰዓት ተኩል። ትራፊክ ፖሊስ አላየሁም። እግዜር ይስጠው ያንን ልጅ፣ 200 ብር በመስኮት ልሰጠው ስል "ኧረ ተይው እህቴ" ብሎ ሄደ።

ቦሌ የደረስነው 12 ሰዓት ከ35 ነው። ሹፌሩ ሻንጣ ሊያወርድ ነው ስል ስልክ አቀበለኝ፣ የመኪናው ባለቤት ነው። "ቀኑ ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 12 ነው እህቴ፣ ስላለፈ የሶስተኛ ቀን ሒሳብ ይጨመራል።" ለ35 ደቂቃ 7,000 ብር! መንገድ ተዘግቶ ነው፣ ሹፌርህ ምስክር ነው፣ አልኩት። "እሱ እኛን አይመለከትም።" ሹፌሩን አየሁት፣ መሬት መሬት ያያል፣ ግን የኋላውን በር አይከፍትም፣ ሒሳቡ ሳይገባ ሻንጣው አይወርድም ተብሏል። ሜሪላንድ መኪና ስትመልስ ቢያንስ ጥቂት ደቂቃ ይታገሱሃል፣ አልፎም ቢሆን በሰዓት ያስባሉ። ተከራከርኩ፣ በሰዓት ቁጠረው አልኩ፣ ሹፌሩም አንድ ሁለት ቃል ሊናገርልኝ ሞከረ፣ ሰልፉ ደግሞ እስከ ውጭ ድረስ ነው፣ እናቴን ተለይቼ የመጣሁት ሳይበቃኝ። ከፈልኩ። በቴሌብር ላኩ፣ ሻንጣው ወረደ። ሹፌሩ ቀስ ብሎ "ይቅርታ እትዬ፣ እኔም ተቀጣሪ ነኝ" አለኝ። በእሱ አልፈርድም። ቤት ገብቼ ውሉን ሳነበው ግን ስለ 12 ሰዓት የሚል ነገር የለም፣ "በቀን" ብቻ ነው የሚለው። ደወልኩ፣ አይነሳም።

ስለዚህ መኪና ስትከራዩ ቀኑ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት እንደሆነ፣ ሲያልፍ በሰዓት ስንት እንደሚጨመር፣ መንገድ ከተዘጋ ማን እንደሚችለው ውሉ ላይ ይጻፍ። በእኛ በኩል የምታልፉ ደግሞ ቅዳሜን ተዉት፣ ግድ ከሆነባችሁ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት እለፉ። ትናንት እማዬ ስትደውል ጠርዙን ሲኖዎቹ በሶስት ቦታ እንደሰበሩት ነገረችኝ፣ አሁን ዝቅ አድርገው ሊሰሩት እየለኩ ነው አሉ።