ራይዘን 5 5600 እና አርኤክስ 6600 ለባቡር ሲሙሌተር፦ ከዘጠኝ ወር አጠቃቀም በኋላ

ኮምፒውተሩ አዲስ አበባ ውስጥ ዘጠኝ ወር ሠርቷል፤ ሥራውም በአብዛኛው ባቡር መንዳት ነው። ውስጡ ያለው ዕቃ ይህ ነው፦ ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር፣ ኤ520 ማዘርቦርድ፣ 16 ጊጋባይት ዲዲአር4 ራም (ሁለት ባለ 8፣ ፍጥነቱ 3200)፣ ባለ 8 ጊጋባይት ራዲዮን አርኤክስ 6600 ግራፊክስ ካርድ፣ 1 ቴራባይት ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ፣ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ እና 24 ኢንች ባለ 75 ኸርዝ ስክሪን። የሚጫወትባቸው ጌሞች ትሬን ሲሙሌተር ክላሲክ፣ ትሬን ሲም ወርልድ እና በነፃ የሚገኘው ኦፕን ሬይልስ ናቸው። ዋጋ እዚህ አልተጻፈም። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለነገ ገዢ አይጠቅመውም።

ፍርዱን እናስቀድም። ፕሮሰሰሩ ትክክለኛ ምርጫ ነበር። ካርዱ ከሦስቱ ጌሞች ለሁለቱ ከሚያስፈልገው በላይ ነው። ራሙ አንሷል። ማዘርቦርዱ ላይ የተቆጠበችው ገንዘብ ደግሞ ኋላ ላይ አስቆጭታለች።

የባቡር ጌም ከተኩስ ወይም ከመኪና ውድድር ጌም ጋር በአንድ ሚዛን አይመዘንም። ትሬን ሲሙሌተር ክላሲክ መሠረቱ በ2009 እ.ኤ.አ. ሬይልወርክስ በሚል ስም የወጣው ጌም ነው። 64 ቢት የሆነው በ2018 ቢሆንም አብዛኛውን ጭነቱን ዛሬም የሚጥለው በአንድ ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ካሉት የሥራ ክፍሎች በአንዱ) ላይ ነው። የሲግናሉ መብራት፣ የሌሎቹ ባቡሮች ጉዞ፣ የፍሬኑ የአየር ግፊት፣ ለካርዱ የሚላከው «ይህን ዛፍ ሳል፣ ያንን ቤት ሳል» የሚል ትእዛዝ፣ ሁሉም የሚያልፈው በአንድ ጠባብ በር ነው። ስለዚህ የሚጠቅመው የኮር ብዛት ሳይሆን የአንዱ ኮር ፍጥነት ነው። ገበያ ውስጥ ርካሽ ሆነው የሚገኙት ያገለገሉ የዚዮን ኢ5 ፕሮሰሰሮች 8 እና 10 ኮር አላቸው ተብለው ይሸጣሉ። ለቪዲዮ ኤዲቲንግ ያገለግሉ ይሆናል፤ ለዚህ ጌም ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

በራስ ዓይን ማየት ይቻላል። ትልቅ ጣቢያ ውስጥ ገብታችሁ ምስሉ ሲንገጫገጭ ታስክ ማናጀር ክፈቱ። ፕሮሰሰሩ 15 በመቶ አካባቢ ሊያሳያችሁ ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ «ፕሮሰሰሩማ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል» ብሎ አዲስ ካርድ ሊገዛ ይወጣል። 5600 ባለ 6 ኮር፣ 12 ትሬድ (ኮሩ በአንድ ጊዜ የሚያስኬደው የሥራ መስመር) ነው። አንዷ ትሬድ እስከ አፍንጫዋ ብትወጠር እንኳ ከጠቅላላው 8.3 በመቶ ብቻ ናት። ፐርፎርማንስ የሚለው ገጽ ላይ ግራፉን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ ወደ ሎጂካል ፕሮሰሰርስ ቀይሩት፤ ከ12ቱ ሳጥኖች አንዱ ወይም ሁለቱ ከፍ ብለው ሌሎቹ ተኝተው ታያላችሁ። ዊንዶውስ ሥራውን ከኮር ወደ ኮር ስለሚያዘዋውር ሥዕሉ ሁልጊዜ ጥርት ያለ አይሆንም። የበለጠ የሚታመነው ምልክት ካርዱ ነው፤ የፍሬም (በሰከንድ የሚሳሉ ምስሎች ቁጥር) ገደብ ሳይደረግ ካርዱ ከ60 በመቶ በታች እየሠራ ምስሉ ከተንገጫገጨ፣ ካርድ መቀየር ምንም አያመጣም።

ትሬን ሲም ወርልድ ጠባዩ ሌላ ነው። የተሠራው አንሪል ኢንጂን 4 በሚባል የጌም መሥሪያ ስለሆነ ካርዱንም ያሠራዋል፤ የሚያስቸግረው ግን ከፊት ያለው አካባቢ ከዲስክ ሲጫን ነው። በሰዓት 200 ኪሎሜትር የሚሄድ ባቡር በየሰከንዱ 55 ሜትር ይበላል። አዲስ ክፍል ሲጫን ለቅጽበት ቀጥ ይልና ይቀጥላል። ይህን ኤስኤስዲና ራም ይቀንሱታል እንጂ ጨርሶ የሚያጠፋ ዕቃ አልተገኘም፤ ከጌሙ አሠራር የመጣ ነው። ኦፕን ሬይልስ ሥራውን ለተለያዩ ትሬዶች ያከፋፍላል፤ በ2001 ለወጣው ማይክሮሶፍት ትሬን ሲሙሌተር የተሠሩ መስመሮችን ስለሚጠቀምም ለዚህ ኮምፒውተር ሸክሙ ቀላል ነው።

ፕሮሰሰር ስትገዙ ቁጥሩን ሳይሆን ሙሉ ስሙን አንብቡ። 5500፣ 5600 እና 5600ጂ አጠገብ ለአጠገብ ተደርድረው ይሸጣሉ፤ ልዩነታቸው ግን የጥቂት ሜጋኸርዝ አይደለም። 5600 ባለ 32 ሜጋባይት ኤል3 ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ማኅደር) ሲሆን ሌሎቹ ሁለቱ 16 ብቻ ናቸው፤ በሲሙሌተር ላይ ይህ ካሽ ይታወቃል። በዚያ ላይ ሁለቱ ካርዱን የሚያገናኙት በፒሲአይ ኤክስፕረስ 3፣ ማለትም በዝግተኛው የካርድ መገናኛ፣ ነው። በሌላ በኩል 5600 የራሱ ግራፊክስ የለውም። የስክሪኑን ኬብል ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቶ «ኮምፒውተሩ አይበራም» የሚል ሰው ቁጥር ቀላል አይደለም፤ ኬብሉ የሚሰካው ካርዱ ላይ ነው። ትሬይ ተብሎ ያለ ካርቶን የሚሸጠው ደግሞ ፋን ስለሌለው ዋጋውን ስታወዳድሩ የፋኑን ጨምሩ።

ስለ ካርዱ ብዙ የሚባል የለም፤ በ1080ፒ ሥራውን ይሠራል። አንድ ሴቲንግ ግን አለ። ትሬን ሲሙሌተር ክላሲክ ውስጥ አንቲአሊያሲንግ (የምስል ጠርዝ ማለስለሻ) ላይ 2x2 ኤስኤስኤኤ የሚለውን ስትመርጡ ጌሙ ምስሉን በቁመትም በወርድም እጥፍ አድርጎ ይስለዋል። ከ1920x1080 ወደ 3840x2160 ሄዳችሁ ማለት ነው፤ አራት እጥፍ ሥራ። ሀዲዱና የኤሌክትሪክ ሽቦው መንቀጥቀጡን የሚያቆመው ይህ ስለሆነ 6600 ላይ ማብራቱ ይመከራል፤ አቅሙ ባነሰው ጂቲኤክስ 1650 ካርድ ላይ ከሆነ ግን ቀድማችሁ የምታወርዱት እሱን ነው። ጭነቱ ፕሮሰሰሩ ላይ ሲሆን ደግሞ የሚቀነሱት ሲነሪ ዴንሲቲ (የአካባቢው ዕቃ ብዛት) እና ጥላ ናቸው። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው ሁሉንም ሴቲንግ ዝቅ አድርጎ የከፋ ምስል ያገኛል፤ መንገጫገጩም አይለቀውም። ርካሹን አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ያሰበ ሰው ሁለቴ ያስብ፤ 4 ጊጋባይትና አራት የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር ብቻ ያለው ስለሆነ እንደ ኤ520 ባሉ የፒሲአይ ኤክስፕረስ 3 ቦርዶች ላይ አቅሙ ይወርዳል።

ስክሪኑ በዘጠኝ ወሩ ውስጥ ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ ነው። ባቡር ለመንዳት 30 ፍሬም ይበቃል፤ ሳይለዋወጥ ከመጣ። 60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ስክሪን) ላይ 30 ፍሬም ማለት እያንዳንዱ ምስል በትክክል ሁለት ጊዜ ይታያል ማለት ነው። 75 ኸርዝ ላይ ግን 30 እኩል አይካፈልም፤ አንዱ ምስል ሁለቴ፣ ቀጣዩ ሦስቴ እየታየ የጎን ዕይታው ይንቀጠቀጣል። የርካሽ ስክሪኖች ፍሪሲንክ (ስክሪኑን ከካርዱ ፍሬም ጋር የሚያስማማው) ብዙ ጊዜ ከ48 ኸርዝ በታች ስለማይሠራ አያድንም። መፍትሔው የሚያስቅ ነው፤ ለ75 ኸርዝ የከፈላችሁትን ስክሪን ከዊንዶውስ ወደ 60 ታወርዱታላችሁ፣ ከዚያ ሪቫቱነር በሚባለው ፕሮግራም ፍሬሙን 30 ላይ ትገድባላችሁ። ካርዱም ይቀዘቅዛል፣ ድምፁም ይቀንሳል።

አሁን ወደ ራሙ። 16 ጊጋባይት ለትሬን ሲሙሌተር ክላሲክና ለኦፕን ሬይልስ በቂ ነው። ትሬን ሲም ወርልድ ተከፍቶ ከጎኑ ብራውዘር ሲጨመር ግን ራሙ ይጠብና ዊንዶውስ ወደ ዲስክ መገልበጥ ይጀምራል፤ ያኔ መንገጫገጩ ይብሳል። 32 ለማድረግ ሁለት ባለ 8 መጨመር ቀላል ይመስላል፤ ግን የተገዛው ርካሹ ኤ520 ሁለት የራም ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ የነበሩትን ሸጦ ሁለት ባለ 16 መግዛት ግድ ነው። አራት ቀዳዳ ያለው ቦርድ ቢሆን ኖሮ ይህ ኪሳራ አይመጣም ነበር። አራት ቀዳዳ ላለው ሰው ሁለቱ ራም የሚገቡት ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው። ነጠላ ባለ 16 መግዛት ግን አይመከርም፤ ሁለቱ ቻናሎች (በራሙና በፕሮሰሰሩ መካከል ያሉት መንገዶች) ካልሠሩ ፕሮሰሰሩ ይራባል።

3200 የሚል ራም ገዝቶ መሰካት ብቻ 3200 አያሠራውም። መጀመሪያ ሲበራ በ2133፣ በ2400 ወይም በ2666 ነው የሚነሳው። ሲነሳ ዲሊት ቁልፍን እየነካችሁ ባዮስ (የማዘርቦርዱ መሠረታዊ ሴቲንግ) ውስጥ ግቡ፤ ኤክስኤምፒ ወይም ዲኦሲፒ የሚለውን የራም ፍጥነት ማስተካከያ ፈልጋችሁ ፕሮፋይል 1 ምረጡ፤ በኤፍ10 አስቀምጡ። ታስክ ማናጀር ላይ ሜሞሪ ስትሉ ስፒድ 3200 ማለት አለበት።

ችግሩ የመጣው በሰባተኛው ወር ነው። ያለ ምንም ለውጥ ጌሙ ከበፊቱ ይበልጥ መንገጫገጭ ጀመረ። ድራይቨር ተቀየረ፣ ጌሙ እንደገና ተጫነ፤ ምንም። መጨረሻ ላይ ምልክት የሰጠው የዊንዶውስ ሰዓት ነበር፤ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ወደ ኋላ ይመለሳል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ አልቃለች፤ ስለዚህ መብራት ሲቋረጥ ባዮሱ ሁሉንም ሴቲንግ ይረሳና ራሙን በ2400 ያስነሳዋል። 3 ቮልት መስጠት ያለባት ባትሪ በመልቲሜትር ስትለካ 2.5 ነበረች። ኮምፒውተሩ ማታ ማታ ከሶኬት የሚነቀል ከሆነ ባትሪዋ ቶሎ ታልቃለች፤ መብራት ስታጣ ሰዓቱን የምትይዘው እሷ ብቻ ናትና። ጌም በድንገት ሲከፋ ከድራይቨር በፊት ይህን አንድ ቁጥር፣ የራሙን ፍጥነት፣ እዩ።

ኤስኤስዲውን በተመለከተ፣ 500 ጊጋባይት አትግዙ። መስመርና ሎኮሞቲቭ ሲጨመር ቦታው ሳይታወቅ ያልቃል፤ ርካሽ ኤስኤስዲ ደግሞ ሲሞላ ይዘገያል። ከ15 እስከ 20 በመቶ ባዶ ተዉለት። ትሬን ሲሙሌተር ክላሲክ እልፍ ትንንሽ ፋይል ስለሚከፍት የዊንዶውስ ዲፌንደር ፍተሻ መጫኑን ያጓትተዋል፤ የጌሙን ፎልደር ከፍተሻው ማውጣት ይረዳል፤ ፋይሎቹ ከታመነ ቦታ የመጡ ከሆነ ብቻ።

ኃይሉን እናስላ። 5600 ቢበዛ 76 ዋት፣ ካርዱ 132 ዋት፣ ቦርድና ፋን ዲስክም ተጨምሮ 40 እንበል፤ ድምሩ 250 አካባቢ ነው። ስለዚህ 550 ዋት ያለው እውነተኛ ፓወር ሰፕላይ ይተርፋል። «እውነተኛ» የተባለው በምክንያት ነው፤ ላዩ ላይ 600 ተጽፎበት በእጅ ሲያዝ እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚቀል አለ። ስቲከሩ ላይ የ12 ቮልቱን መስመር አንብቡ፤ አምፔሩን በ12 ስታባዙት ከተጻፈው ዋት እጅግ ካነሰ ቁጥሩ ማስታወቂያ ነው። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) ስትገዙም ቪኤ እና ዋት አንድ አይደሉም፤ 650 ቪኤ የሚለው ብዙ ጊዜ 360 ወይም 390 ዋት ነው። ለዚህ ኮምፒውተር ጌሙን አስቀምጦ ለማጥፋት የሚሆን ደቂቃ ይሰጣል። ርካሾቹ የሚያወጡት ንጹሕ ሳይን ዌቭ (እንደ መብራቱ ለስላሳ ሞገድ) ስላልሆነ ከአንዳንድ ፓወር ሰፕላይ ጋር አይስማሙም፤ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ አብሮ ይጠፋል። ሱቁ ውስጥ እያለ ሶኬቱን ነቅሎ መሞከር ነው።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋን በአንድ ዙር የሚወስደው ሙቀት ከባሕር ጠለል ያነሰ ነው። ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚመጣው ትንሹ ፋን ይችለዋል፤ ግን ይጮሃል፤ የሞተሩን ድምፅ ለሚያዳምጥ ሰው ያናድዳል። ባለ 120 ሚሊሜትር ታወር ኩለር ጥሩ ወጪ ነው። አቧራውን በየሁለት ወሩ በብሩሽና በአየር ማጽዳት፤ አየር ሲነፋ የፋኑን ምላጭ በጣት መያዝ። የድሮውን ፋን ስታነሱ ግን ተጠንቀቁ፦ በፋኑና በፕሮሰሰሩ መካከል የተቀባው ፔስት ደርቆ ከተጣበቀ ኤኤም4 ፕሮሰሰር ከፋኑ ጋር ከሶኬቱ ተነቅሎ ይመጣል፣ ከ1331ዱ እግሮች አንዱ ቢጣመም ሌላ ጣጣ ነው። ኮምፒውተሩን አሥር ደቂቃ አሠርታችሁ አሙቁት፣ አጥፉና ንቀሉት፣ ከዚያ ፋኑን ወደ ላይ ሳትስቡ ግራና ቀኝ እያዞራችሁ አላቁት።

ይህ ሁሉ ከበጀት በላይ ለሆነበት ሰው ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር አለ። ኮር አይ5 8500 ያለው ዴል ኦፕቲፕሌክስ ለኦፕን ሬይልስና ለትሬን ሲሙሌተር ክላሲክ ጥሩ መነሻ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ግን እንደ ሞዴሉ ከ200 እስከ 260 ዋት ብቻ ነው፤ መሰኪያውም የራሱ ስለሆነ የገበያውን አይቀበልም። ስለዚህ ተጨማሪ የኃይል ኬብል የማይፈልግ፣ ከቀዳዳው በሚያገኘው 75 ዋት የሚሠራ ጂቲኤክስ 1650 ነው የሚገባው። ቀጭኑ ኬዝ ከሆነ አጭሩን ሎው ፕሮፋይል ካርድ፣ ከአጭር ብረቱ ጋር፣ ጠይቁ። ያገለገለ ካርድ ስትገዙ ሻጩ ፊት ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን የካርድ መረጃ ማሳያ ፕሮግራም ክፈቱ፤ ስሙ ተቀይሮ የተሸጠ የድሮ ካርድ ከሆነ ከስሙ ፊት ፌክ ብሎ ይጽፈዋል። አርኤክስ 580 ተብሎ የቀረበውም ሼደርስ በሚለው ቦታ 2304 ማለት አለበት፤ 2048 ካለ የ570 ዋጋ ነው የሚከፈልለት።