በ540 ዩሮ የገዛሁት የነጻ መንገድ

ሰላም ወገን። ሩጫ የምትወዱ፣ በተለይ ፓሪስ፣ ብራሰልስና ፍራንክፈርት ያላችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ካርዳችሁን አታውጡ። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ሎት በሚባለው አውራጃ፣ «በመካከለኛው ዘመን መንደሮች የ4 ቀን ሩጫ» የሚል ማስታወቂያ እየዞረ ነው። ፎቶው ያምራል። ገደል ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ የድንጋይ መንደር፣ ከሥሩ ወንዝ፣ ጭጋግ ውስጥ የሚሮጥ ቀጭን ሰው። እኔም በፎቶው ተሸወድኩ። የሻጩን ስም አልጠቅስም፤ ክርክራችን ገና አላለቀም። ደግሞም ዛሬ ስሙን ብጠራ ነገ በሌላ ስም ይመጣል። ዘዴውን ብታውቁት ይሻላል።

ዋጋው ለሁለት ሰው 960 ዩሮ ነበር። ብራሰልስ ካለች ጓደኛዬ ጋር ተካፍለን ከፈልን። የአገሬው ሰው ለእኛ ብቻ የቀየሰው መንገድ፣ መንደሩ እምብርት ላይ ማደሪያ፣ ሻንጣችንን ከአንዱ ማደሪያ ወደ ሌላው የሚያደርስ መኪና። የተባልነው ይህ ነው።

ደረሰኙን ልብ ብዬ ያየሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው። ሁለት መስመር አለው። «ዲጂታል ፋይል፣ 540 ዩሮ።» «ማደሪያና አገልግሎት፣ 420 ዩሮ።» እኔ አልጋ የተከራየሁ መስሎኛል፤ ለካ ከግማሽ በላዩ የፋይል፣ ማለትም ስልክ ላይ የሚከፈት የመንገድ መስመር ዋጋ ነው። ለምን እንዲህ እንደከፋፈሉት የገባኝ ቆይቶ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በኢንተርኔት ለገዛነው ነገር በጥቅሉ 14 ቀን ሐሳብ የመቀየር መብት አለን። ዲጂታል ፋይል ሲሆን ግን «አሁኑኑ ላኩልኝ፣ መብቴ እንደሚቀር አውቃለሁ» ብለን ከተስማማን፣ ፋይሉ በእጃችን እንደገባ መብቱ ያከትማል። እኔ ደግሞ ያቺን ትንሽ ሳጥን ነካ አድርጌያታለሁ። ማን ያነባል? ፋይሉ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሜይሌ ገባ። «እንዴት ያሉ ፈጣኖች ናቸው!» ብዬ አድንቄያቸውም ነበር። ቀኑ የተቆረጠ ማደሪያ ደግሞ ከመጀመሪያውም የ14 ቀኑ መብት የለውም። በዚህም በዚያም በሩ ተዘግቷል።

ከመስቀል በኋላ ባለው ሳምንት ሄድን። ከፓሪስ ኦስተርሊትዝ እስከ ካኦር ባቡሩ ከ5 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ከካኦር ወደ ፊዣክ የሚሄደው አውቶቡስ የሎትን ወንዝ ይከተላል። ማደሪያችን ሳን ሲር ላፖፒ ነው ተብለናል። መንደሩ ከወንዙ 100 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ ያለ ነው፤ በ2012 የፈረንሳይ ቴሌቪዥን ተመልካቾች ከሁሉ የምንወደው መንደር ብለው መርጠውታል። የእኛ ክፍል ግን ታች፣ ወንዙ ዳር፣ ካምፒንግ ውስጥ የቆመ የቆርቆሮ ቤት ሆኖ ተገኘ። ጓደኛዬ ቁልፉን እንደያዘች አንጋጣ መንደሩን አየችው። «እምብርቱ ያ ከሆነ እኛ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ነን» አለች።

በማግስቱ ቡዚየስ ከምትባል ጎረቤት መንደር ተነሳን። እውነቱን ልናገር፣ ቦታው የሚደንቅ ነው። ወንዙን ይዞ ከገደሉ ግድግዳ ተፈልፍሎ የወጣ መንገድ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀልባ ከዳር ሆኖ በገመድ ለመጎተት የተሠራ ነው። ከላይ ዓለት፣ በቀኝ ዓለት፣ በግራ ውሃ። ኮቴያችን እያስተጋባ ስንሮጥ ገንዘቤን ረስቼው ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ ድንጋዩ ላይ ቀለም አየሁ። ነጭ መስመር፣ ከሥሩ ቀይ። ጥቂት እንደሄድን ዛፍ ላይ። ደግሞ የመብራት ምሰሶ ላይ። ስልኬ ላይ ያለው «ለእኛ ብቻ የተቀየሰ» መስመር ቀለሙ በታጠፈበት ይታጠፋል፣ ቀለሙ በወጣበት ይወጣል። ቆም ብዬ ፋይሉን ከፈትኩት። የመንገዱ ስም በሚጻፍበት ቦታ «ጂአር 36» ይላል። ስሙን መቀየር እንኳ ደክሟቸዋል።

ለማያውቅ ሰው፦ ጂአር የሚባሉት የፈረንሳይ ረጃጅም የእግር መንገዶች ናቸው። የመጀመሪያው በ1947 ሎዋር ወንዝ አካባቢ ተከፈተ። ቀለሙን እየዞሩ የሚቀቡት የእግር ጉዞ ፌዴሬሽኑ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ነጭና ቀይ ረጅሙ መንገድ ነው። ቢጫና ቀይ አንድን አካባቢ የሚዞር፣ ቢጫ ብቻ ከሆነ አጭር የቀዬ መንገድ። የኤክስ ምልክት ካያችሁ ተመለሱ፣ ስታችኋል። ትኬት የለም፣ ኬላ የለም። የአገሪቱ የካርታ ተቋም ካርታዎችም በኢንተርኔት በነጻ ይታያሉ። እኛ 540 ዩሮ የከፈልነው ሰው ሁሉ በነጻ ለሚሄድበት መንገድ ነው።

ሁለተኛው ቀን ደግሞ በሴሌ ሸለቆ ጂአር 651 ላይ ነበር፣ ከካብሬሬ ተነስቶ ወደ ላይ። ወረቀታቸው «12 ኪሎ ሜትር፣ ቀላል» ይላል። የዳገቱ መጠን አልተጻፈም። እኔም አዲስ አበባ ያደግሁ፣ እንጦጦን የማውቅ ሰው ነኝ ብዬ ናቅኩት። ተሳስቻለሁ። እዚያ የሚጎዳው ከፍታው አይደለም። መንገዱ ከወንዙ ወደ አምባው ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል፤ እግር የሚያርፈው ደግሞ ስለታም ድንጋይ ላይ ነው። በሜዳ ከ1 ሰዓት ብዙም የማልዘገይበት ርቀት 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ፈጀብኝ። ሰዓቴ 510 ሜትር ዳገት ቆጠረ። ስለዚህ መንገድ የሚሸጥላችሁን ሰው አስቀድማችሁ «ደ ፕሉስ ስንት ነው?» በሉት። በጠቅላላው የሚወጣው ዳገት በሜትር ማለት ነው። ቁጥሩን ካልነገራችሁ መንገዱን አያውቀውም።

ውሃም አልነገሩንም። አምባው የኖራ ድንጋይ ነው፤ ዝናቡን ወደ ውስጥ ይውጠዋል፣ ላዩ ላይ ምንጭም ጅረትም አይታይም። አንዲት ትንሽ መንደር ደርሰን ፏ የሚል ቧንቧ አገኘን፤ አጠገቡ «አይጠጣም» የሚል ሰሌዳ። በር ላይ የሚጠርጉ አንዲት አሮጊት አይተው አዘኑልንና በመጥረጊያቸው ወደ መቃብር ስፍራው ጠቆሙን። የፈረንሳይ መቃብር ስፍራ ለአበባ ማጠጫ ቧንቧ አለው፤ መንገደኞች ሁሉ ያውቁታል። ከመቃብር መሃል ገብቼ ውሃ ስቀዳ እናቴ ብታየኝ ምን ትል ይሆን እያልኩ ጠጣሁ። ጥሩ ውሃ ነው።

ሻንጣ የሚያመጣው መኪና ግን አልመጣም። ሁለተኛው ማደሪያ ደርሰን እስከ ማታ ጠበቅን። ስልክ አይነሳም። ላብ የደረቀበት ልብስ ለብሰን ተኛን።

ከሁሉ ያስቆጣኝ የእሑዱ ነው። ጫካ ውስጥ ሳለን ተኩስ ሰማን፤ አንዴ ሩቅ፣ አንዴ ቅርብ። መንገዱ ጫፍ ላይ «አደን ላይ ነን» የሚል ሰሌዳና ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች አገኘን። አንደኛው የጓደኛዬን ቡናማ ሹራብ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። በዚያ አገር አደኑ በአብዛኛው ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ነው፤ እሑድ ዋና ቀናቸው ነው። መንገድ ቀያሽ ነኝ የሚል ሰው ይህን ሳይናገር ደንበኛውን ጫካ አይልክም። በዚያ ወቅት የምትሄዱ ከሆነ ደማቅ ቀለም ልበሱ፣ ሰሌዳውን ካያችሁ በሌላ መንገድ ዙሩ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ፈረንሳይ ውስጥ ማደሪያንና ሌላ የጉዞ አገልግሎትን አጣምሮ የሚሸጥ ድርጅት አቱ ፍራንስ በሚባለው ተቋም መዝገብ ላይ መስፈር አለበት። ቁጥሩ በአይ እና በኤም ፊደሎች ይጀምራል። የተመዘገበ ሻጭ የገንዘብ ዋስትናና ኢንሹራንስ እንዲኖረው ይገደዳል። መዝገቡን ማንም ሰው በነጻ ማየት ይችላል፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ያየሁት ከተመለስኩ በኋላ ነው፤ የሉም። ስጠይቃቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «እኛ የጉዞ ወኪል አይደለንም፣ ፋይል ሻጮች ነን።» ደረሰኙ ለሁለት የተከፈለው ለካ ለዚህም ነበር።

በአደራ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሲኛል ኮንሶ በሚባለው የመንግሥት የሸማቾች ገጽ ላይ አመለከትኩ። ባንኬም የካርድ ክፍያውን እንዲከራከርልኝ ጠየቅኩ። ጓደኛዬ ደግሞ በሌላ አገር ስለምትኖር ወደ አውሮፓ የሸማቾች ማዕከል ሄደች፤ ከአንዱ የኅብረቱ አገር ወደ ሌላው ለሚሆን ክርክር በነጻ ያግዛሉ። ቢሮው ብራሰልስም አለ። እስካሁን ከ420ው ላይ 150 ዩሮ መልሰዋል። ስለ 540ው ትንፍሽ አይሉም።

ለአልጋና ለሻንጣ መኪና መክፈል ግን ሞኝነት አይደለም። በእነዚህ መንገዶች ሻንጣ ማመላለስ የታወቀ ሥራ ነው፤ በቀጥታ ደውላችሁ ተዋዋሉ። እኛም በግንቦት እንመለሳለን። ጓደኛዬ የ1 ለ25,000 ካርታ ገዝታለች። ክፍሉን እኔ ደውዬ ይዣለሁ፣ እላይ፣ እምብርቱ ላይ።

ትናንት ከሻጮቹ ኢሜይል መጣልኝ። መልስ መስሎኝ ከፈትኩት። በ15 በመቶ ቅናሽ፣ «ለእርስዎ ብቻ የተቀየሰ»፣ ኮንክ ወደምትባል መንደር የሚወስድ መንገድ ነው። ካርታው ላይ አየሁት፤ ጂአር 65።