ዘጠኝ ወር ከዙም አልባው ሌንስ ጋር

የ50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንሴን ያገለገለ ሆኖ የገዛሁት ባለፈው ጥቅምት ነው (ኤፍ የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት ይነግራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። ከዚያ ወዲህ ከካሜራዬ ላይ የነቀልኩት ከስንት አንዴ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፎቶ ማንሳት የምንወድ አሥራ አንድ ሰዎች አለን፤ በየወሩ አንድ ርዕስ እንመርጥና ያነሳነውን እሑድ ከሰዓት በኋላ ይዘን እንገናኛለን፣ ፎቶውን እንዴት እንዳስተካከልነውም አንዳችን ለሌላው እናሳያለን። ስለዚህ ሌንሱን የፈተነው የእኔ ዓይን ብቻ አይደለም።

ከካሜራው ጋር የመጣው ዙም ሌንስ 55 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። ይህኛው እስከ ኤፍ 1.8 ድረስ ስለሚከፈት ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። የቁጥሩ ትርጉም የገባኝ ግን ኅዳር ላይ፣ የወሩ ርዕሳችን «እጅ» በሆነ ጊዜ ነው።

እማማ የምንላቸው ጎረቤታችን ጥጥ ይፈትላሉ። ቤታቸው ብርሃን የሚያገኘው በበሩ ብቻ ነው። በዙሙ አይ ኤስ ኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ 6400 አድርሼ ስሞክር እጃቸው አሸዋ የተነሰነሰበት መስሎ ወጣ። በአዲሱ ሌንስ 640 በቂ ሆነ። ዙም የሌለው ሌንስ ግን በእግር ካልቀረቡ አያቀርብም፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አንድ ሜትር ርቀት ላይ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። «ልጄ፣ የምታነሳው እኔን ነው ወይስ እንዝርቱን?» አሉኝ። «እጅዎን ነው እማማ» ስላቸው እጃቸውን በነጠላቸው ጠረግ አድርገው እንዝርቱን እንደገና አሾሩት። ባዘቶው በጣቶቻቸው መሐል እየሳሳ ክር ሲሆን፣ የአውራ ጣታቸው ስንጥቅ ሳይቀር ፎቶው ላይ ይታያል። ከበር ውጭ ቆሜ በዙም ብስብ ኖሮ ይህ ወሬ በመሐላችን አይኖርም ነበር። ሌንሱን ከምንም በላይ የወደድኩት በዚህ ነው፤ ሰው ዘንድ ሳይቀርቡ አያነሱበትም።

ያን ፎቶ እሑድ ሳሳይ አንዲት ባልደረባችን «እንዝርቱ የት ጠፋ?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ኤፍ 1.8 ላይ በአንድ ሜትር ርቀት ጥርት ብሎ የሚወጣው ሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ አውራ ጣቱ ሲጠራ እንዝርቱ ጭጋግ ሆኗል። በማግሥቱ ተመልሼ በኤፍ 4 አነሳሁት። አዲስ ገዢዎች ሁሉ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሌንሱ ስለሚከፈት ብቻ ሁልጊዜ ከፍቶ መተው የለበትም።

ሌላው የማይዘለል ጉዳይ ነጠላ ነው። ጎጃም ውስጥ ሰው የሚያነሳ ከነጭ ልብስ አያመልጥም። ካሜራው ብርሃኑን ለሰው ፊት ብሎ ከለካ ነጠላው ነጭ ወረቀት ይሆናል፤ የሽመናው ነገር አንዴ ከጠፋ በምንም አይመለስም። ስለዚህ በሮው ፋይል (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ምስል) አነሳለሁ፣ የብርሃን ልኬቱን ለነጠላው አደርጋለሁ፣ የጠቆረውን ፊት ደግሞ በኋላ ዳርክቴብል በሚባል የፎቶ ማስተካከያ ላይ አወጣዋለሁ። ፕሮግራሙ በነጻ የሚገኝ ነው። ፀሐይ ላይ በሰፊው ከፍቼ ሳነሳ በነጠላው ዳርና በጨለማው ዛፍ መሐል ሐምራዊ መስመር ይወጣል፤ የሌንሱ ግልጽ ጉድለት ነው። ፕሮግራሙ ላይ ማጥፊያው አለ፤ ነገር ግን በመላው ፎቶ ላይ ስለቀቀው የአንዲት እናት ሐምራዊ ጥለት አብሮ ገረጣብኝ። አሁን መስመሩ ባለበት ቦታ ላይ ብቻ እየቀባሁ አጠፋዋለሁ።

ታኅሣሥ ላይ ጤፍ ሲወቃ አውድማ ዳር ዋልኩ። የገለባው ብናኝ ገብቶ መሰለኝ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ትኩረት ሲይዝ ይንጫጫል። በመንፊያ ካጸዳሁት በኋላ ቀነሰ እንጂ አልተወውም። አውድማ የሚሄድ ሰው ሌንስ እዚያ መቀያየር የለበትም።

ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ እንጅባራ ነበርን። የፈረሰኞቹ ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ነው፤ ፈረሶቹ በጌጥ ተንቆጥቁጠው ሲወጡ ዓይን የት እንደሚያርፍ ይጨንቃል። የእኔ ካሜራ የምስል መቀበያው አነስ ስለሚል 50 ሚሊ ሜትሩ እንደ 80 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቢያጠብም ፈረሶቹን ብዙ አላቀረበልኝም፤ እየጋለበ የሚመጣን ፈረስ ለመያዝም ትኩረቱ ዘገየ። ሹተሩን (ካሜራው ለብርሃን ክፍት የሚሆንበትን ጊዜ) 1/60 ሰከንድ አድርጌ ካሜራውን ከፈረሱ ጋር እኩል ሳዞር ግን የወሩን ምርጥ ፎቶ አገኘሁ፤ ሕዝቡ መስመር ሆኖ ሲፈስ የፈረሱ ዓይን ጥርት ብሎ ቀርቷል። ለዚህ በዓል ረጅም ሌንስ ያለው ሰው እሱኑ ይያዝ።

ጮቄ ተራራ ላይም ጠቦኛል፤ ጅባራ የሚባለውን የደጋ ተክል አነሳሁ፣ ተራራውን ግን አልቻልኩም። ከዚያ ብርድ ወጥቼ እሳት የሚነድበት ቤት ስገባ መስታወቱ በእንፋሎት ተሸፈነ። አሁን ከመግባቴ በፊት ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ አስገብቼ እዘጋበታለሁ፤ ሙቀቱን ቀስ ብሎ ከለመደ በኋላ አወጣዋለሁ።

መልሼ እገዛዋለሁ? ዛሬ ቢጠፋብኝ ነገ እገዛዋለሁ። የሐምሌ ርዕሳችን «ዝናብ» ነው፤ ሌንሱ ውኃ መከላከያ ስለሌለው የእማማን በረንዳ ከወዲሁ ለምኛለሁ።