የአዳማ ባቡር ጣቢያ፦ ለድሬዳዋ መንገደኛ ወይስ ለአዲስ አበባ ተመላላሽ?

የድሮው የጅቡቲ ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አዳማ መስመሩ ላይ ነበረች፤ ገበያዋም ሰፈሯም በጣቢያው ዙሪያ ነው የደራው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ጣቢያውን ከከተማው ወጣ አድርጎ ስለሠራው፣ ወደዚያ ለመሄድ ባጃጅ ግድ ነው። ባለፈው ከእናቴ ጋር ወደ ድሬዳዋ ስንሄድ የባጃጁ ሾፌር ሻንጣችንን ካየ በኋላ የተስማማነውን ዋጋ እጥፍ አደረገው።

ጣቢያው ሰፊና ንጹሕ ነው። እናቴ ለዘመዶቿ የቋጠረችው በርበሬ መፈተሻው ላይ ሲደርስ ፈታሹ ሦስት ጊዜ አስነጥሶ «እለፉ እማማ» አላት፤ ከዚያ በኋላ የነበረው ጉዞ፣ በተለይ ወደ መተሐራ ቁልቁል ሲወረድ በመስኮት የሚታየው አገር፣ ለድካማችን ካሳ ነበር።

አዳማን ከሌሎቹ ጣቢያዎች የሚለያት ሐዲዱ ነው። ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው 115 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር ጥንድ ሐዲድ ሲሆን፣ ከአዳማ ወዲያ እስከ ጅቡቲ ነጠላ ስለሆነ፣ ከተቃራኒ አቅጣጫ የሚመጡ ባቡሮች በየጣቢያው ቆመው መተላለፍ አለባቸው። ከወደብ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚወጣው ዕቃም በዚሁ መስመር ላይ ያልፋል። ስለዚህ ባቡሩ አንድ ቦታ ቆሞ ሲቆይ ተበላሽቷል ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም።

ይህ ጥንድ ሐዲድ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ያለ ሥራ የተቀመጠ ሀብት ነው። ሞጆንና ቢሾፍቱን አልፎ አዲስ አበባ ዳር ፉሪ ለቡ የሚደርሰው መስመር ማለዳና ማታ ሠራተኛና ተማሪ ሊያመላልስ በቻለ ነበር፤ የመንገደኛው ባቡር የተደራጀው ግን ለረጅም ጉዞ ነው። ፉሪ ለቡ ከወረዱ በኋላም ወደ መሀል ከተማ ሌላ ታክሲ መያዝ የግድ ስለሆነ፣ ከመነኻሪያ ተሳፍሮ በፈጣኑ መንገድ መሄድ ለተመላላሹ ይቀላል፤ እኔም ለሥራ ስሄድ የማደርገው ይህንኑ ነው።

ለድሬዳዋ መንገደኛ ከአምስት አራት ኮከብ፣ ለአዲስ አበባ ተመላላሽ ሁለት። የባጃጁን ዋጋ ሻንጣው ከተጫነ በኋላ ተስማሙ።