ፓርኬ ማንጠፍ በብሪታንያ፦ አጭር ሥልጠና ይሻላል ወይስ ኤንቪኪው?

በብሪታንያ የእንጨት ወለል ማንጠፍን እንጀራው ለማድረግ የሚያስብ ሰው ገንዘቡን ሊያፈስባቸው የሚችል ሁለት መንገዶች ይቀርቡለታል። አንደኛው ከአንድ ቀን እስከ አንድ ሳምንት ገደማ የሚቆይ አጭር ሥልጠና ሲሆን፣ ሁለተኛው ኤንቪኪው ደረጃ 2 የሚባለው መደበኛ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ነው። ሁለቱም «የምስክር ወረቀት ያሰጣል» ተብለው ስለሚተዋወቁ፣ ብዙ ሰው ልዩነታቸው የዋጋና የጊዜ ብቻ ይመስለዋል። ዋናው ልዩነት ግን አጭሩ ሥልጠና ሙያውን የሚያስተምር ሲሆን፣ ኤንቪኪው ቀድሞ የተያዘን ሙያ መዝኖ የሚያረጋግጥ መሆኑ ነው። ይህን ሳይለዩ የከፈሉ ሰዎች ወይ ያልተማሩትን ሊመዘኑ ይቀርባሉ፣ ወይ ደግሞ ሳይት በር ላይ የማይሠራ ወረቀት ይዘው ይመለሳሉ።

ከኤንቪኪው እንጀምር። መዛኙ አመልካቹ ወደሚሠራበት ቦታ መጥቶ ሥራውን ያያል፣ ስለ አሠራሩ ይጠይቀዋል፤ አመልካቹም የሥራውን ፎቶግራፎች፣ የአለቃውን ወይም የደንበኛውን ምስክርነትና የጽሑፍ መልሶችን በአንድ መዝገብ አሰባስቦ ያቀርባል። በአገር ቤት ሲኦሲ የወሰደ ሰው ነገሩ አይከብደውም፤ ሲኦሲ በምዘና ጣቢያ በተዘጋጀ ፈተና ይሰጣል፣ ኤንቪኪው ግን በእውነተኛ ሥራ ላይ ይታያል። ስለዚህ በእጁ ላይ ሥራ የሌለው ሰው ቢመዘገብ እንኳ የሚያስመዝነው ነገር አይኖረውም። ይህን ለአመልካቹ አስቀድመው በግልጽ የማይነግሩ ሻጮች ስላሉ፣ ከክፍያ በፊት መጠየቅ ይገባል።

የኤንቪኪው ትልቁ ዋጋ የሚታየው በትልልቅ የግንባታ ሳይቶች ነው። ሲኤስሲኤስ የሚባለው፣ የግንባታ ሠራተኛን ብቃትና የደኅንነት ዕውቀት የሚያሳየው ካርድ በሕግ የሚያስገድድ ባይሆንም፣ አብዛኞቹ ዋና ተቋራጮች ያለ እርሱ ሰው አያስገቡም። ለሠለጠነ ባለሙያ የሚሰጠው ሰማያዊ ካርድ ደግሞ ከሙያው ጋር የሚገጥም የደረጃ 2 ኤንቪኪውና የጤናና ደኅንነት ፈተና ይጠይቃል። ፈተናው በ45 ደቂቃ የሚመለሱ 50 የምርጫ ጥያቄዎች አሉት፤ ካርዱም ለአምስት ዓመት ያገለግላል። ቀደም ሲል ለረጅም ዓመታት የሠሩ ሰዎች በቀጣሪያቸው ምስክርነት ብቻ ካርድ የሚያገኙበት መንገድ ነበር። ይሁንና በዚያ መንገድ የተሰጡት ካርዶች በ2024 መጨረሻ አብቅተዋል፤ የሃያ ዓመት ልምድ ያለው ሰውም ቢሆን ዛሬ ሰማያዊውን ካርድ ለመያዝ ብቃቱን በመደበኛ ማረጋገጫ ማሳየት አለበት። የማንም የአጭር ሥልጠና ምስክር ወረቀት፣ ምንም ያህል ማኅተም ቢደረደርበት፣ ይህን ቦታ አይተካም።

አጭር ሥልጠና ሲባል ግን ዋጋ ቢስ ነው ማለት አይደለም፤ እንዲያውም በእኔ ግምት ለጀማሪ የመጀመሪያው ገንዘብ መዋል ያለበት እዚህ ላይ ነው። በላፍቦሮ የሚገኘውና በሁለት የወለል ሥራ ማኅበራት የተቋቋመው ፊታ የተባለው የማሠልጠኛ ማኅበር ለዚሁ ሙያ ብቻ የተዘጋጁ የተግባር ኮርሶችን ይሰጣል። የኮላ፣ የቫርኒሽና የወለል ፋብሪካዎችም የራሳቸው ሥልጠና አላቸው፤ ብዙ ጊዜ ርካሽ ናቸው፣ ነገር ግን የሚያስተምሩት የራሳቸውን ዕቃ አጠቃቀም መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

አንድን ኮርስ ከሌላው ለመለየት እኔ አስቀድሜ የምመለከተው ስለ እርጥበት ምን ያህል ሰዓት እንደሚያስተምር ነው። ሳንቃ ቆርጦ መግጠምን ቀልጣፋ ሰው ከጓደኛው ጎን ሆኖም ይማረዋል፤ ወለሉን የሚያበላሸው ግን ከሥር ያለው በቂ ያልደረቀ ስክሪድ፣ ማለትም ከሳንቃው በታች የሚፈስሰው የሲሚንቶና የአሸዋ ንጣፍ ነው። በተለመደው ስሌት ስክሪድ እስከ 50 ሚሊ ሜትር ድረስ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ይደርቃል፣ ከዚያ በላይ ያለው ውፍረት ደግሞ ሁለት እጥፍ ጊዜ ይወስዳል፤ በዚህ ሒሳብ 75 ሚሊ ሜትር ስክሪድ በመልካም ሁኔታ እንኳ መቶ ቀን ገደማ ይፈልጋል። ላዩ የደረቀ መምሰሉ ምንም ማረጋገጫ አይሆንም። ስለዚህ አየር በማያስገባ ሣጥን ውስጥ ያለ ሃይግሮሜትር (የአየር እርጥበት መለኪያ) ስክሪዱ ላይ ይታሸጋል፣ ቢያንስ ሦስት ቀን ይቆያል፤ ንባቡም በ24 ሰዓት ልዩነት ተወስዶ የማይለወጥ እስኪሆን ይጠበቃል። የእንጨት ወለል አነጣጠፍ መመሪያ የሆነው ቢኤስ 8201 የሚፈቅደው በሣጥኑ ውስጥ እስከ 65 በመቶ የአየር እርጥበት ብቻ ነው። ይህ ሳይሟላ የተነጠፈ ሳንቃ በጥቂት ወራት ውስጥ ጠርዙ ከመሃሉ ከፍ ብሎ ይነሳል፣ ወይም አብጦ ግድግዳውን ይገፋል፤ በዙሪያው የሚተወውና ዘኮሎ (ግድግዳው ሥር የሚለጠፈው ጠርዝ) የሚሸፍነው የ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ክፍተትም አያድነውም። ሣጥኑን በእጅዎ የማያሳሽግዎ፣ ንባቡንም የማያስመዘግብዎ ኮርስ ከሆነ ገንዘብዎን ይያዙ።

እንግዲህ ምርጫው ደንበኛዎ ማን እንደሚሆን ይወስነዋል። በመኖሪያ ቤቶች ብቻ ለመሥራት የሚያስብ ሰው በብሪታንያ ወለል ለማንጠፍ የተለየ የሙያ ፈቃድ አይጠየቅም፤ የቤት ባለቤትም የሚጠይቀው ቀድመው የሠሩትን ሥራ ፎቶና የጎረቤቱን ቃል እንጂ የኤንቪኪውን ቁጥር አይደለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጥሩ የተግባር ኮርስ፣ የተጠያቂነት ኢንሹራንስና ከልምድ ባለቤት ጋር የሚያሳልፈው ጊዜ ይበቃዋል። በንዑስ ተቋራጭነት ወደ አፓርትመንቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ቢሮዎች ለመግባት የሚያስብ ሰው ግን ኤንቪኪውን አይዘለውም። ልምድ ካለው በቀጥታ መመዝገብ ይችላል፤ ከሌለው መጀመሪያ ሠልጥኖ፣ ሥራ ላይ ገብቶ፣ ኋላ ይመዘን። በተቀጠረበት ድርጅት በኩል ከሆነ ደግሞ ድርጅቱ ሲአይቲቢ በተባለው የግንባታ ዘርፍ የሥልጠና ቦርድ የተመዘገበ መሆኑን ይጠይቅ፤ የተመዘገቡ ቀጣሪዎች ለኤንቪኪው ድጎማ መጠየቅ ስለሚችሉ፣ ወጪው ሁሉ በሠራተኛው ኪስ ላይ የሚወድቅበት ምክንያት የለም።

ጊዜ ያላቸው ወጣቶች በእንግሊዝ ሦስተኛ መንገድ አላቸው፤ ይኸውም ደመወዝ እየተከፈላቸው ሙያውን የሚማሩበትና በመጨረሻ የሚመዘኑበት የአፕረንቲስሺፕ ሥርዓት ነው። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው በተለማማጅ ደመወዝ መኖር ስለሚከብደው ለሁሉም አይመችም፤ መማርንና መመዘንን በአንድነት የያዘው ግን እርሱ ብቻ ነው።

ኤንቪኪው ለመግዛት የወሰነ ሰው ከመክፈሉ በፊት ሻጩን የማረጋገጫውን ሙሉ ስምና የምዝገባ ቁጥር በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ቁጥሩንም ለሕዝብ ክፍት በሆነው፣ የብቃት ማረጋገጫዎችን የሚቆጣጠረው የኦፍኳል መዝገብ ላይ ራሱ ያመሳክር። የወለል ሥራ ኤንቪኪው በምንጣፍ፣ በቪኒልና በእንጨት ዘርፎች ስለሚከፈል፣ የእንጨቱ ዘርፍ በውሉ ላይ በስሙ መጠቀሱን ይመልከት። መዛኙ ስንት ጊዜ ሳይት እንደሚመጣና መዝገቡ ሳይሟላ ቢቀር የሚጨመር ክፍያ መኖር አለመኖሩም በዚያው ወረቀት ላይ መስፈር አለበት።